ሰበብ የሚያሳጣ ሽቦ

በአዲስ አበባ ኑሮ ሰውን ከብዙ ጣጣ ያተረፉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው»፣ «መብራት ጠፍቶ ነው» እና «ኔት የለም»። ከሦስቱ የመጨረሻውን የሚያህል የለም። መንገድ ካልተዘጋጋ ሌላ መንገደኛ ያጋልጣል። መብራት ካልጠፋ ጎረቤት ይመሰክራል። ኔት ግን የግል ጉዳይ ነው። ሳሎን ኖሮ መኝታ ቤት ሊጠፋ፣ መስኮት ዳር መጥቶ በር ላይ ሊሄድ ይችላል፤ መኖር አለመኖሩን ከባለቤቱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። የዕቁብ ዳኛ ሲደውል፣ አለቃ ቅዳሜ ከሰዓት ፋይል ሲጠይቅ፣ የሠርግ ኮሚቴ መዋጮ ሲያስታውስ «ውይ፣ መልእክትህ አሁን ነው የገባልኝ» ማለት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሺውም ተዋሺውም ያውቁታል፤ ግን ማንም ማንንም አያሳፍርም።

ይህ ሰበብ ከአንድ ቤት እንዴት ተጠራርጎ እንደወጣ ላጫውታችሁ። ያስወጣው ሽቦ ነው።

ቤቱ የኛ ነው። ከታች ሳሎንና ወጥ ቤት፣ ከላይ መኝታ ክፍሎችና እኔ «ቢሮ» የምላት፣ ባለቤቴ «ዕቃ ቤት» የምትላት ጠባብ ክፍል፣ ከጓሮ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም «ለጊዜው» ብሎ ገብቶ የከረመበት ሰርቪስ አለ። የኢንተርኔቱ ሳጥን የተቀመጠው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። ለምን እዚያ ቢባል፣ የፋይበሩን ክር ይዘው የገቡት ልጆች መጀመሪያ ያገኙት ባዶ ሶኬት እዚያ ስለነበረ። በብዙ ቤት የዋይፋይን ዕድል የሚወስነው ይኸው ነው።

የኛ አገር ቤት ደግሞ ለዋይፋይ አይመችም። ስንሠራ ለልጅ ልጅ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ በፌሮ የታሰረ አርማታ። ዋይፋይ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚሄድ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንጨትና ጂብሰም ብዙም አያስቸግሩትም፣ ፌሮ ያለበት አርማታ ሲያጋጥመው ግን አቅሙ ያልቃል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ አይችልም። 2.4ቱ ግድግዳ ይደፍራል፣ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ እዚያው ላይ ነው፤ እርስ በርስ ሳይረባበሹ የሚሠሩበት ቻናል ሦስት ብቻ ነው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ስልኩ ላይ የሚታዩትን የዋይፋይ ስሞች ቆጥሮ ለሦስት ያካፍላቸው፤ ማታ ማታ ፊልሙ ለምን እየቆመ እንደሚያስቸግረው ይገባዋል።

በዚህ የተነሳ ቤታችን የራሱ የኔት ካርታ ነበረው። ደረጃው አጋማሽ ላይ ጥሩ ኔት አለ። ልጄ ለፈተና ያጠናችው፣ ከጓደኞቿ የተኳረፈችውም የታረቀችውም እዚያ ተቀምጣ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት የፈለገ ሰው እሷን ተሻግሮ ነበር የሚያልፈው። ፎቅ ላይ ደግሞ የሚታጠብ ልብስ የሚጠራቀምበት ቅርጫት አጠገብ ሁለት መስመር ይገኛል። እኔ ስብሰባ የምገባው ከዚያ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ከኋላዬ የተከመረውን ካልሲ እያዩ በሩብ ዓመት ዕቅድ ላይ ተወያይተዋል። ሰርቪሱ ጋ የባለቤቴ ወንድም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚያወራው፤ አላፊ አግዳሚው ሰላም ያላቸው እየመሰላቸው እጃቸውን ያነሱለታል።

ኔት ሲጠፋ ተጠያቂ ይፈለጋል። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ታማለች። ልጄ አጎቷን ታማለች፤ «ፊልም እያወረደ ነው» ትላለች። አጎቷ ጎረቤቶችን ያማል። ሁላችንም የምንስማማበት ተከሳሽ ግን የእንጀራ ምጣዱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምጣዱ ተበድሏል። ቆጣሪ ይጥላል፣ አምፖል ያደበዝዛል፤ ዋይፋዩ ውስጥ ግን እጁ የለበትም። እጁ ያለበት ማንም ያልጠረጠረው ማይክሮዌቭ ነው። የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ወጥ በሞቀ ቁጥር የ2.4ቱን ሞገድ ይረብሻል። ቀይ ወጥ አሙቆ ከስብሰባ ያስወጣኝ ማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ አልናገርም።

ሰበቡ ከቴክኖሎጂው ጋር አብሮ ያደገ ነው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያኔ የሚመጣው በስልክ መስመር ነበር፤ ሞደሙ ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ ይገናኛል፣ ሌላ ሰው በሌላኛው ክፍል ስልክ ያነሳ እንደሆነ ይቋረጣል። «ስልኩን ማን አነሳው?» የሚል ጩኸት ከፎቅ ይሰማል፣ ያነሳው ሰው ይታወቃል፣ ይወቀሳል፣ ያበቃል። በዚያው በ1997 ግን የገመድ አልባው መረብ የመጀመሪያው መስፈርት ወጣ፤ 802.11 ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛው አየር ሆነ። አየር ከሶ የረታ ደግሞ የለም።

ሽቦ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ኔትወርክ ተምሯል፣ ሥራውም እሱው ነው፤ ቤት ሲመጣ ከሰላምታ ቀድሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «ጋሼ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ሁሉ በሽቦ ይግባ» አለኝ። «ቴሌቪዥኑ፣ የቢሮው ኮምፒውተር፣ ሰርቪሱ። አየሩን ለስልኮች ተዉላቸው።» ይህን የሚያህል ፍርድ ከሽማግሌም አልሰማሁም። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ቴሌቪዥን፣ ከጀርባው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሳጥን ጋር በአየር የሚነጋገረው በምን ምክንያት ነው? ስልክ ይዞራል፣ ይገባዋል። ቴሌቪዥኑ የት ሊሄድ ነው?

ከዚህ በኋላ ባለ ሽቦ ራውተር፣ ማለትም መስመሩን ለየክፍሉ በሽቦ የሚያከፋፍል ዕቃ፣ ፍለጋ ወጣን። የሱቁ ልጅ ትሁት ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ባለ አራት አንቴና ናት። ለሰፋ ያለ ቤት ባለ ስድስት አለልዎት። ግቢ ካለዎት ደግሞ ይሄ ባለ ስምንቱ።» ምንም አንቴና የሌለው እንደምፈልግ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና በሐዘኔታ ጠየቀኝ፤ «የተሰበረ ነው የሚፈልጉት?»

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንቴና አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነውና። የአንቴናው ቁጥር በዋናነት የሚረዳው በአንድ ጊዜ ብዙ መረጃ ለመላክና ለመቀበል ነው፤ አርማታ ለመብሳት አይደለም። ደግሞስ ራውተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ስልኩ መመለስ አለበት። የስልክ አንቴና ትንሽ፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው። ራውተሩን ሰምቶ መልስ መስጠት ያቃተው ስልክ ምልክቱን ሙሉ አድርጎ እያሳየ ምንም አይከፍትም፤ ይህን ያላየ የለም።

በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበች ትንሽ ሳጥን ወጣች። አንቴና የላትም፣ አምስት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ከውጭ ለሚመጣው መስመር፣ የቀሩት ለቤቱ። ከባለ ስምንት አንቴናው በዋጋ ታንሳለች። የሱቁ ልጅ ሲያስረክበኝ «ካልሆነልዎት እንቀይርልዎታለን» ብሎ አጽናናኝ።

ኬብሉ ሌላ ታሪክ ነው። በኛ ገበያ «ኦሪጅናል» ሦስት ደረጃ አለው፤ ኦሪጅናል፣ ዋናው ኦሪጅናል፣ እና ከጓዳ የሚወጣው። የመጀመሪያው ሱቅ ካርቶኑን አሳየን፤ ካት 6 ይላል፣ 305 ሜትር ይላል፣ ሁሉንም ይላል። የእህቴ ልጅ ካርቶኑን በአንድ እጁ አነሳና ቅር አለው። ከጫፉ ቆረጠ፣ ልባሱን ላጠ፣ ከውስጥ አንዷን ቀጭን ሽቦ መዝዞ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ላዩ ቀይ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ አለ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። መዳብ ቢሆን ኖሮ እስከ እምብርቱ ቀይ ነው። ይህ ዓይነቱ ኬብል ሲያጥፉት ቶሎ ይሰበራል፣ ረዘም ሲል ጉልበቱ ያልቃል፣ ካት 6 የሚለውን መስፈርትም አያሟላም፤ ካርቶኑ ላይ ምን ቢጻፍ። ሻጩ ነጩን እያየ፣ እኛም እያየነው፣ «ያው ሁለቱም ኢንተርኔት ያሳልፋል» አለን። የገዛነው ከሌላ ቤት ነው፤ ከጓዳ ከሚወጣው።

ከዕቃው ግዢ የባሰው የግድግዳ ድርድር ነበር። ባለቤቴ ሳሎኑን ቀለም ያስቀባችው ለፋሲካ ነው። የእርቅ ነጥቦቿ ግልጽ ነበሩ፤ ሳሎን ውስጥ ቀዳዳ አይኖርም፣ ሽቦ አይታይም፣ ሥራው ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ልጁ ካናሊና በዞኮሎው ጫፍ አድርጎ፣ ከበሩ ጀርባ አዙሮ፣ በደረጃው ሥር አውጥቶ እንደሚወስደው በወረቀት ሥሎ አሳያት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ቀዳዳውስ?» አለች። «አንዲት ብቻ፣ እትዬ። ከመጋረጃው ኋላ።» «አንተ ልጅ፣ መጋረጃ ይታጠባል እኮ።»

የሰፈራችን መብራት ሠራተኛ መጥቶ ሌላ መንገድ አመጣ፤ የመብራቱ ገመድ ባለፈበት ቱቦ ውስጥ አብሮ ማሳለፍ። ምንም ሳይበሳ! ባለቤቴ በደስታ ቡና ልታፈላ ተነሳች። የእህቴ ልጅ ግን እምቢ አለ። 220 ቮልት የሚሄድበት ገመድ ጎን ለጎን ከተኛ ኔቱን ይረብሻል፤ ይኼ ቀላሉ ነው። አንድ ቀን የመብራቱ ልባስ ቢላጥ ደግሞ ያ 220 ቮልት ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩን ከያዘው ሰው ላይም። ሁለቱ ገመዶች ለየብቻ ይሂዱ፣ መገናኘት ግድ ከሆነባቸውም መስቀለኛ ይተላለፉ እንጂ አብረው አይተኙ። መብራት ሠራተኛው «ስንቱን ቤት እንዲህ ሠርቻለሁ» አለ። ያ ደግሞ የበለጠ አስፈራኝ።

ስለዚህ ትራፓኖ ወጣ። ባለቤቴ ረከቦቱን በላስቲክ ሸፍና እጇን አጣምራ ቆመች። ከላይ ያለው ወለል ላይ መሰርሰሪያው ፌሮ አገኘ፣ ጮኸ፣ ጨሰ፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ሌላ ፌሮ አገኘ። ግንበኛው ያኔ ብረት እንዳልሰረቀን በዚህ አረጋገጥን። ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ይታማል።

እኔን የማረከኝ የኬብሉን ጫፍ ማሰር ነው። ልባሱ ሲላጥ ከውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደተጠማዘዙ ይወጣሉ። ልጁ ጥንዶቹን ይፈታል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ያቃናቸዋል፣ ከዚያ እንደ ቄስ ተማሪ እየተነቀነቀ ይደግማል፤ «ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ።» ጫፋቸውን እኩል ይቆርጣል፣ አርጄ 45 የምትባለው ጥርስ የምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ይከታል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ስምንቱም መጨረሻ መድረሳቸውን ያያል፣ በክሪምፐሩ ጭብጥ ያደርጋል። ቀጭ!

አረንጓዴዎቹ ለምን ተለያይተው ሰማያዊዎቹን መሃል እንዳስገቡ ጠየቅሁት። መሃለኛዎቹ ሁለት ሽቦዎች ድሮ የስልክ መስመር የሚሄድባቸው ስለነበሩ፣ ስልኩ እንዳይፈናቀል ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። መጠማዘዛቸውም ቢሆን ከስልክ የመጣ ነው። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለት ሽቦ አጠማዝዞ መጠቀምን አስመዝግቧል፤ ከጎረቤት ሽቦ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ እርስ በርሱ ይጣፋል። ዛሬ በሺህ ሜጋቢት የምንመካበት ኬብል ውስጥ ያለው ብልሃት፣ ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን ስልክ ከማስገባታቸው በፊት የተፈጠረ ነው።

ኬብሉ ሲፈተሽ ቴስተሩ ላይ ስምንት መብራቶች በተራ ይበራሉ። ከቢሮው የመጣው ኬብል ላይ ሰባተኛው ዘለለ። ነጭ ቡኒው አልደረሰም። እዚህ ላይ ነው የዚህ ሥራ ተንኮል ያለው፤ እንደዚያው ቢተውም ኔቱ ይሠራል። 100 ሜጋቢት ለመሄድ አራት ሽቦ ይበቃል፤ ስምንቱም የሚያስፈልጉት ለ1000 ነው። ቡኒው ሲጠፋ መስመሩ ቅሬታ ሳያሰማ ወደ 100 ይወርድና ዕድሜ ልኩን እዚያው ይኖራል። ባለቤትየው ጊጋቢት አለኝ እያለ ያወራል። ልጁ ጫፉን ቆርጦ ጣለና መድገሙን እንደገና ጀመረ፤ «ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን...»

እግረ መንገዴን ልጠቁም፦ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ያለው የኬብል ቀዳዳ ራሱ ከ100 አያልፍም፤ ለፊልም ይበቃል፣ አትደናገጡ። ቤት ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ 1000 ስለሆነም ከውጭ የሚገባው አይጨምርም። በወር የምትከፍሉት ለ10 ሜጋቢት ከሆነ የሚደርሳችሁ 10 ነው፤ ልዩነቱ አሥሩም መድረሱ ነው።

ከዚያ ራውተሩ ተሰካ፣ መብራቶቹ በሩ፣ ኔት የለም። ሳሎን ያለው የኢንተርኔት አቅራቢው ሳጥን አድራሻ 192.168.1.1 ነው። አዲሷም ራውተር ከፋብሪካ የመጣችው 192.168.1.1 ተብላ ነው። ሁለቱ አንድ አድራሻ ይዘው ሲገናኙ ራውተሯ ወደ ውጭ የሚሄደውንና ቤት የሚቀረውን መለየት ያቅታታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአዲሷን ወደ 192.168.10.1 መቀየር። ማይክሮቲክ የሚባለው የላትቪያዎቹ ራውተር ከፋብሪካ 192.168.88.1 ይዞ ስለሚመጣ ይህ ጠብ ብዙም አያገኘውም። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ስምምነት ለግል መረብ የተተዉ ናቸው፤ ማንም በቤቱ ይጠቀምባቸዋል፣ ከቤት ውጭ ግን አይታወቁም። የዓለም አቀፉ አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነና እ.ኤ.አ. በ2011 ከማዕከላዊው ቋት ስላለቀ፣ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ የውጭ አድራሻ ተጠግቶ ይኖራል።

የኔ ቴሌቪዥን እነሆ አሁን 192.168.10.20 ነው። ቤቱ ራሱ ግን ቁጥር የለውም። ለእንግዳ የምንነግረው «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ውሻ ካለበት ቀጥሎ፣ አረንጓዴ በር» ብለን ነው። ውሻው ከሞተ ቆይቷል፤ አድራሻው አልተቀየረም።

ስልኮቹ የቀሩበት ዋይፋይም መሠራት ነበረበት። የአቅራቢው ሳጥን ዋይፋይ ተዘጋ፤ ለፎቁ የሚሆን አሮጌ ባለ አንቴና ራውተር ተፈለገና ቢሮዬ ውስጥ፣ ከተሰበረ ፌርሜሎና ከአሮጌ መጋረጃ ሥር ተገኘ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ወጣች። አሮጌው ራውተር አድራሻ ማደሉን እንዲተው ተደረገ፤ ይህ ካልሆነ ሁለቱ የየራሳቸውን ያድላሉ፣ ስልኩም የማንን እንደሚሰማ አያውቅም። የፋብሪካው ፓስወርድም ተቀየረ። ስሙ አድሚን፣ ፓስወርዱ አድሚን የሆነ ራውተር ያለው ሰው ዛሬውኑ ይቀይረው።

የፎቁ ዋይፋይ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ይዞ እንደተከፈተ ራውተሯ ላይ የተገናኙት ዝርዝር ተከፈተ። የኛ ስልኮች አሉ። የማናውቃቸውም አሉ፤ ከኛ ይበዛሉ። የእህቴ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ጋሼ፣ ተጠልፋችኋል!» ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ምን ተጠለፈ ይላል፤ ፓስወርዱን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለች። «ቡና ላይ ሲጠይቁ ምን ልበል? ስኒ ሰጥቼ ፓስወርድ ልከልክል?» መልስ አልነበረውም። ስለዚህ በዋይፋይ የሚገባው ሁሉ ከተወሰነ ፍጥነት እንዳያልፍ፣ በሽቦ የሚገባው ግን ነፃ እንዲሆን ተደረገ። የጎረቤትነቱም የሥራውም መብት ተከበረ።

ያን ዕለት ሁሉም ተደሰተ። የሰርቪሱ ኬብል ሲገናኝ የባለቤቴ ወንድም አንገቱን ከመስኮት አስገብቶ ዘጋው። ደረጃው ለመውጫ ተለቀቀ። እኔ ከካልሲው ወደ ቢሮዬ ገባሁ። ደስታው የዘለቀው እስከ እሁድ ነው።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ያለችው ዋሽንግተን ነው። እሁድ እኛ ወደ አሥር ሰዓት ስንሆን እዚያ ጠዋት ነው፤ ቡናዋን ይዛ በቪዲዮ ትመጣና ቤተሰቡን በየተራ ትመረምራለች። እኔን ስለ ደም ግፊት፣ ልጄን ስለ ውጤት፣ ወንድሟን ስለ ትዳር። የባለቤቴ ወንድም ለዚህ ጥያቄ የተካነው ጥበብ ነበረው። «መቼ ነው የምታገባው?» ስትለው አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን በግማሽ ጨፍኖ፣ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ድርቅ ይላል። ትንፋሽ የለም፣ ቅንድብ አይነቃነቅም። እሷም «ቆመብኝ፣ ተቆራረጠ» ትልና ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ኖረበት።

በዚያ እሁድም ጥያቄው መጣ። እሱም ደረቀ። ሥራውን አሳምሮ ነበር፤ እኔ ራሴ አንድ አፍታ ተጠራጠርኩ። ግን ሽቦው ሥዕሉን ጥርት አድርጎ ያሳልፋል። ከኋላው የሰርቪሱ መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል። ድመቷ በመስኮቱ ገባች፣ በትከሻው በኩል አለፈች፣ ጅራቷን አፍንጫው ላይ አሳረፈች። ዋሽንግተን ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አንተ፣ ድመቷ ብቻዋን ነው ኔት ያላት?» አለችው። ያን ቀን ጥሪው ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ አላለቀም።

ሌሎቻችንም አልቀረልንም። ልጄ የኦንላይን ትምህርት ላይ «ቲቸር፣ ድምፅዎ አይሰማም» ማለት ተሳናት። እኔ «ኔቴ ደከም ስላለ ካሜራዬን ልዝጋ» ስል ባልደረቦቼ በአንድ ድምፅ «ሽቦህስ?» ይላሉ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው የሻይ ሰዓት ወሬ አይረሳም። የእህቴ ልጅ ከኮምፒውተሬ እስከ ራውተሯ መልእክት ደርሶ የሚመለሰው ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሆኑን በኩራት አሳይቶኛል። አንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ የትኛው ሰበብ ይገባል?

የቀረን መብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲሄድ ሳጥኑም ራውተሯም አብረው ይሄዳሉ፤ ቤቱ ለጥቂት ሰዓት እንደ ቀድሞው ይሆናል፣ ሁሉም ሰው ከሁሉም ነገር ነፃ ይወጣል። በቅርቡ ግን ልጁ መጥቶ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዳለች ነገረን። ከሳጥኑና ከራውተሯ ጋር ትገናኛለች፣ መብራት ቢጠፋም ሁለቱን ለሰዓታት ታቆያለች። ፋይበሩ ደግሞ ከቤት እስከ ማዕከሉ ድረስ መሃል መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ ስለሌለው፣ ሰፈሩ ጨልሞም ኔቱ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር።

ቤተሰቡ ወዲያው ተሰበሰበ። በቀለም፣ በቀዳዳና በፓስወርድ ያልተስማማ ቤት በዚህ ላይ ያለ አንድ ተቃውሞ ወሰነ፤ ባትሪዋ አትገዛም። የባለቤቴ ወንድም ንግግር ሁሉ አድርጓል።

እናንተም ቤታችሁ ሽቦ ልትዘረጉ ካሰባችሁ ዘርጉ፤ መዳቡን ፍቃችሁ ግዙ፣ ከመብራት ገመድ አርቁት፣ ስምንቱንም ሽቦ ፈትሹ። ባትሪዋን ግን ቤተሰብ ሳታማክሩ እንዳትገዙ።